ደረጃ ስር ያለችው ነጭ ሣጥን

በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶቼ?

እሁድን የሚያህል ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ስላስቀመጥናችሁ ይቅርታ። ሰብሳቢያችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከውኃ ታንከሩ አጀንዳ በፊት እጨርሳለሁ። ታንከሩ ከተነሳ ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ።

የመጣሁት ስለ ኢንተርኔት ላወራ ነው። እንጀራዬ ከዚሁ ነው፤ ገመድ እዘረጋለሁ፣ ፋይበር እቀጥላለሁ፣ ራውተር እተክላለሁ። ስለዚህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀድሞ የሚመጣልኝ "ኧረ ኔትወርክ የለም!" ነው። የዘጋሁት እኔ ይመስል።

"ኔትወርክ የለም" ስትሉኝ ግን ምኑ እንደሌለ አይገባኝም። ሐኪም ፊት ቀርቦ "አሞኛል" ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ራስ ነው? ሆድ ነው? ኢንተርኔት ሳሎናችሁ እስኪገባ ስንት አገር ያቋርጣል። እኛ የባሕር በር የለንም። የባሕር ውስጥ ኬብሎቹ ጅቡቲና ኬንያ ጠረፍ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በየብስ ፋይበር ነው ወደዚህ የሚዘልቀው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ጅቡቲ የሚወጡም ነበሩባቸው። እንዲህ ያለው ሲመጣ እኔም እንደናንተ ቁጭ ብዬ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው የለም። ከተማ ውስጥ መንገድ ሲቆፈር ኤክስካቫተር የሚበላው ገመድም እንደዚያው ነው።

እኔ ላወራ የፈለግኩት ስለ መጨረሻዋ 30 ሜትር ነው። ከሕንፃችን መግቢያ እስከ ሶፋችሁ ድረስ ስላለችው። እዚህ ግቢ ተጠርቼ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ያሉት እዚያ ነው። አቅራቢዎችን ልከላከል አይደለም። "እባክዎ ይጠብቁ" የሚለውን ሙዚቃ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ደውለን የምንሳደብበት ብልሽት ስንቴ እኛው ደረጃ ላይ ተገኝቷል መሰላችሁ።

ደረጃው ስር፣ ከመብራት ቆጣሪዎቹ አጠገብ፣ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን አለች። ያያችኋት እስቲ እጅ አውጡ። አራት ሰው። መወልወያው የሚንጠለጠልባት እሷ ናት።

ፋይበር ያስገባችሁ ሁሉ ኢንተርኔታችሁ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። ከውጭ ምሰሶ አንዲት ቀጭን ክር ትገባለች። ክሯ መስታወት ናት፤ ውስጧ የሚሄደውም ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚያልፍባት መሐሏ ከጸጉር በብዙ እጥፍ ትቀጥናለች። ሣጥኗ ውስጥ ደግሞ ስፕሊተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል፤ ያን ብርሃን ለየቤቱ ያካፍላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ይህ ዕቃ መብራት አይፈልግም። ሶኬት የለው፣ ባትሪ የለው። እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ የመጣውን ለየማሳው ያድላል፣ በቃ።

"ታዲያ ጎረቤቴ ፊልም ሲያወርድ የኔን እየጠጣብኝ ነው ማለት ነው?" ያለኝ ሰው አለ። አይደለም። አሁን በብዛት በሚተከለው የፋይበር ዓይነት በአንዷ ክር ላይ በሰከንድ ወደ 2.5 ጊጋቢት ይወርዳል። 32 ቤት በአንድ ጊዜ እኩል ቢሻማባት እንኳ ለአንዱ ከ70 ሜጋቢት በላይ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጎረቤት ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የከፈላችሁትን ፓኬጅ እዩ። ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓኬጁ ላይ የተጻፈው ሜጋቢት ነው፤ ኮምፒዩተራችሁ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳያችሁ ብዙውን ጊዜ ሜጋባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 16 ሜጋቢት ገዝታችሁ 2 ብታዩ አልተሸወዳችሁም።

ወደ ሣጥኗ ልመለስ። ባለፈው ወር ከታች ያለው ፋርማሲ የካርድ ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆመ። ባለቤቷ "ኔትወርክ የለም፣ ካሽ ይዛችኋል?" ስትል ዋለች። ደውላ አስመዘገበች። ማታ ከሥራ ስገባ ጠራችኝ። ራውተሯ ላይ "ሎስ" (LOS) ተብሎ የተጻፈባት መብራት በቀይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ብርሃን አልደረሰኝም ማለቷ ነው። ገመዱን እየተከተልኩ ሣጥኗ ጋ ደረስኩ። አንድ ሰው ለብስክሌቱ ቦታ ሲያመቻች ገመዶቹን ሰብስቦ በካልሲ ጠፍሯቸዋል። በካልሲ! ፋይበርን እንደ ሽቦ አጥፈው ካጠበቁት ብርሃኑ መታጠፊያው ላይ ያመልጣል። ካልሲውን ፈታሁት፤ ገመዱን ሰፋ አድርጌ ጠቀለልኩት። ቀዩዋ ጠፋች፣ አረንጓዴዋ በራች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ግማሽ ቀን ገበያ ግን ሄደ። የካልሲው ባለቤት መሐላችን ተቀምጠዋል፤ ስም አልጠራም።

ስፕሊተሩ መብራት አይፈልግም ያልኳችሁን የምታስታውሱ፣ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ ሲጨልም ብርሃኑን የሚልከው ማዕከል ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው መሥራቱን ይቀጥላል። መሐል ላይ ያለችው ሣጥን ድሮም ኤሌክትሪክ አትነካም። የጠፋችው የናንተዋ ራውተር ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የምትበላው የአንዲት አምፖል ያህል ነው። ጀርባዋን አዙራችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ይላሉ። ለዚያ የሚሆን መጽሐፍ የምታክል ባትሪ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይሸጣሉ። ቮልቱና መሰኪያው ይግጠም እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ቤት ግቢው ድቅድቅ ብሎ ልጆቼ ዩቲዩብ ያያሉ። እናታቸው ግን አልወደደችውም።

አሁንም በድሮው የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ሰባት ስምንት ቤቶች አላችሁ። አትፈሩበት። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. በዚያው በመዳብ ሽቦ ነው። ያንን የሚንጫጫ ድምፅ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ከሆናችሁ ስልክ አይገባም ነበር። የዛሬው ከዚያ በብዙ ይሻላል፣ ግን ሁለት ደዌ አለበት። ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ደግሞ ለማውረድ ሰፊ፣ ለመጫን፣ ማለትም ከቤት ወደ ውጭ ለመላክ፣ ጠባብ ሆኖ ነው የተሠራው።

ሁለተኛው ጣጣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን እማማ አስለቅሷቸዋል። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የማወራው። ልጃቸው ዱባይ ናት። ማታ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። እሳቸው እሷን ጥርት አድርገው ያዩዋታል። እሷ ግን "እማ፣ ምስልሽ ቆመ፣ ድምፅሽ ተቆራረጠ" እያለች ትዘጋለች። እሳቸው ልጄን ሰለቸኋት ብለው ነበር። ገብቼ ሳይ የልጅ ልጃቸው ስልክ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ወደ ጉግል ይጭናል። ልጁ ራሱ አያውቅም። ልክ ማታ፣ ልክ በዚያች ሰዓት፣ ጠባቧን መንገድ ሞልቷት ቁጭ ብሏል። አጠፋሁት። በማግስቱ ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት አወሩ። ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው ያገኙት።

ዋይፋይ ላይ ብዙ አልቆይም። ራውተሩን ቴሌቪዥን ካቢኔ ውስጥ ቆልፋችሁ መኝታ ቤት አልደረሰም አትበሉኝ። ፍሪጅ ጀርባም አታስቀምጡት። ግድግዳችን ብሎኬት፣ ወለላችን ኮንክሪት ነው። ራውተራችሁ ሁለት ስም ካሳያችሁ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ቅርብ ለቅርብ ይፈጥናል፤ ባለ 2.4ቱ ግድግዳ ያልፋል ግን የሰው ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ተጨናንቋል። ከፍ አድርጋችሁ፣ ቤቱ መሐል፣ ገላጣ ቦታ ስቀሉት። ዳንቴል አታልብሱት።

ምድር ቤት ሱቅ ላላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሽያጫችሁ በካርድና በስልክ ክፍያ ከሆነ አንድ መስመር አይበቃችሁም። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የሞባይል ኩባንያ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም። ፋይበራችሁ ከአንዱ ከሆነ ሲም የምትገባበት ትንሽ ራውተር ከሌላው አስቀምጡ። ዋናው ሲቆም እሷ ትነሳለች። ከአንዱ ኩባንያ ሁለት መስመር ገዝቶ "ዋስትና አለኝ" ያለኝ ደንበኛ ነበረኝ። ሁለቱም በአንድ ምሰሶ ነበር የሚመጡት። ሲኖትራክ ምሰሶውን ገጨው።

የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። ሣጥኗ ክዳንና ቁልፍ ይሠራላት፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋና ሰብሳቢያችን ጋ ይቀመጥ። ደረጃው ላይ የተንዘላዘሉት ገመዶች የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግቡ። ከእንግዲህ አዲስ የሚያስገባ ሰውም በዚያው ቱቦ ያስገባ፣ ግድግዳ እየበሱ በረንዳ ላይ መወርወር ይቅር። የቱቦውን ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቄ ወረቀቱን ሰጥቻለሁ። የእጅ ሥራው የኔ ነው፣ ነፃ ነው። ድምፅ ሲሰጥ አስቡበት።

ከጸደቀ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እጀምራለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ነው ወደ ታች የምወርደው። በየቤቱ ራውተሩን በተቀመጠበት አየዋለሁ፤ ስለዚህ ለኔ ብላችሁ አስቀድማችሁ አታንሱት። እማማ ጋ ስደርስ ቡና ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ካልሲውን አጥቤዋለሁ። ባለቤቱ ሰው በሌለበት መጥተው ይውሰዱ።