ልጁን አታስደንቁት፣ አስለኩት፦ ሥነ ፈለክ ከጎጃም ሰማይ ሥር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ወሬያችን ስለ ሰማይ ነው። በተለይ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ብቸና፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ሆናችሁ «ይሄ ልጅ ነጋ ጠባ ስለ ኮከብ ይጠይቀኛል፤ ምን ላድርገው?» ለምትሉ መምህራንና ወላጆች ነው የማወራው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? አዳራሽ ይሞላል፣ ፕሮጀክተር ይበራል፣ የጋላክሲ ፎቶ ይታያል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ደስ ይላል፣ አልነቅፈውም። ግን በሳምንቱ ያ ሁሉ ግርምት በኖ ይጠፋል። ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ የለካውም ሌላ ሰው ነው። ልጅ አንድን ሙያ የኔ ነው የሚለው በገዛ እጁ ለክቶ ያገኘው፣ ሰው ቢሞግተው እንኳ የሚከራከርለት ቁጥር ሲኖረው ነው። ስለዚህ «ለድሃ አገር ሥነ ፈለክ ቅንጦት ነው» የሚለውን ክርክር ልተወውና ስለ መለካት ላውራ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዘንግ ብቻ ነው።

ቀጥ ያለ ዘንግ ፈልጉ። ቀርከሃ እንጅባራ አካባቢ እንደ ልብ ነው፤ ግን ጎበጥ ስለሚል ፌሮ ይሻላል። ከመሬት በላይ ያለው ርዝመት ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቀጥ ብሎ መቆሙን በዓይን አትገምቱ፤ ክር ላይ ብሎን አስራችሁ እንደ ግንበኛ በቱንቢ አረጋግጡ። ጥላው የሚያርፍበትን መሬትም በውኃ ልክ አስተካክሉ። ዘንጉ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በ1 ዲግሪ ካዘመመ ውጤቱም በ1 ዲግሪ ይሳሳታል፤ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን ታዩታላችሁ።

ሌላው የሚያሳስተው ሰዓት ነው። ቀኑ 6፡00 ሲል ፀሐይ ጎጃም ላይ ገና ከፍታዋ ጫፍ አልደረሰችም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያለችው ግን 37.7 ላይ ነው። ልዩነቱን በ4 ደቂቃ ስታባዙት 29 ደቂቃ ይሆናል። እሱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ፍጥነት ስለሚለያይና ዘንጓም ያዘነበለ ስለሆነ እውነተኛው እኩለ ቀን በጥቅምት መጨረሻ 6፡13 ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ 6፡43 ገደማ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሰዓት አትመኑ። ከ6፡00 እስከ 7፡00 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። አጭሩ ጥላ የእኩለ ቀን ጥላ ነው፤ ከዘንጉ ሥር እስከ እሱ ጫፍ የሚሰመረው መስመርም እውነተኛው ሰሜንና ደቡብ ነው። የጥላው ጫፍ ደብዘዝ ብሎ ካስቸገራችሁ አትደናገጡ። ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት በ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ድብዝዝ ጠርዝ ይፈጠራል። መሐሉን ውሰዱ፣ የሚለካውም ልጅ ሁልጊዜ አንድ ይሁን።

ታኅሣሥ 12 ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ጥላው 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ 23 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። ሚያዝያ 9 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ትቆምና ጥላው ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ነሐሴ 20 አካባቢም እንዲሁ ነው፣ ደመናው ከፈቀደ። ይህን ለንደን ወይም ቶኪዮ ያለ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ግቢ መቼም አያየውም፤ ለልጆቹ ይነገራቸው።

አሁን ምድርን እንለካ። በዚያው ቀን ጥላ የሚለካ ጓደኛ ትምህርት ቤት ፈልጉ፣ ግን ባሕር ዳር አይሁን። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ የኬክሮስ ልዩነት 1.3 ዲግሪ አይሞላም፤ ጥላ ስትለኩ 1 ሴንቲ ሜትር ብትስቱ ደግሞ 0.4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በዚች ስህተት ብቻ የምድር ዙሪያ 30,000 ወይም 58,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሊወጣላችሁ ይችላል፤ ልጆቹም «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። አርባ ምንጭ ደውሉ። ኬንትሮሷ ከደብረ ማርቆስ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ እኩለ ቀን የሚሆነው በተመሳሳይ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል፤ የኬክሮስ ልዩነቱ ግን 4.3 ዲግሪ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን የእነሱ ጥላ 56.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከእናንተ በ10 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የጥላውን ርዝመት ለዘንጉ ርዝመት አካፍላችሁ በስልክ ካልኩሌተር ተገላቢጦሽ ታንጀንቱን ፈልጉ፤ እናንተ ጋ 33.8፣ እነሱ ጋ 29.5 ዲግሪ ይመጣል፤ ልዩነቱ 4.3 ነው። በካርታ ላይ ቀጥታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርቀት 475 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ የሚነዳውን መንገድ አትውሰዱ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። 475ን በ360 አባዝታችሁ ለ4.3 ስታካፍሉ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ታገኛላችሁ። የምድር ዙሪያ እሱ ነው።

ጎጃም ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ሀብት አላት። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ የቅኔ አገር ናቸው፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት) የሚያውቅ ሰው በቅርቡ አለው። ሥነ ፈለክን እንደ ባዕድ ዕውቀት አድርጎ ማስተማር ትልቅ ኪሳራ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ አሠሩት። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት) 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (ዓመቱ በ19 ዓመት ዙር ውስጥ ያለው ቦታ) 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣለት የሚተርፈው ሲያዝ) 12፣ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፣ መጥቅዕ (የጾምና የበዓል ቀን ማውጫ)። ሁለቱ ሲደመሩ 30።

ከዚያ «11 ከየት መጣች?» ብላችሁ ጠይቁ። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365። ልዩነቱ 11። «19ስ?» በሉ። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ይገባሉ፤ 29.5306ን በ235 ስታባዙ 6,939.69 ቀን፣ 365.25ን በ19 ስታባዙ 6,939.75 ቀን። በ19 ዓመት የሚፈጠረው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው! ያለ ቴሌስኮፕ እዚህ ድረስ መድረስ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። ያቺ ሰዓት ተኩል ግን በ310 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች፣ በብዙ መቶ ዓመታትም ትጠራቀማለች። ለዚህ ነው የ2018 የፍስሕ፣ ማለትም የፋሲካን ቀን የምትወስነው፣ ሙሉ ጨረቃ በስሌት መጋቢት 28 ላይ ሲውል ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ የምትሞላው መጋቢት 24 የሆነው። ልጁ ለሁለት ወር ጨረቃ የምትሞላበትን ሌሊት በደብተሩ ይመዝግብ፣ ከስሌቱ ጋር ያስተያይ፣ ልዩነቱንም ለመሪጌታው ይዞ ይሂድ። የሚቀጥለው ውይይት ከየትኛውም የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቴሌስኮፕ ልምጣ። ሱቅ ውስጥ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ። የቴሌስኮፕ ጠቃሚ ማጉላት ከሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር እጥፍ አይበልጥም፤ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ120 በላይ ቢያጎላ የሚጨምረው ብዥታ ብቻ ነው። ገንዘብ ካለ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሆነ (7 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይቀድማል። ገንዘብ ከሌለ መነጽር ቤት ሄዳችሁ ያልተቆረጠ፣ ክብ፣ ፕላስ 1.00 ሌንስ ጠይቁ። የትኩረት ርቀቱ (ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት) 1 ሜትር ነው። ለዓይን በኩል የሰዓት ሠሪ ወይም የወርቅ ሠሪ 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ይሆናል፤ የትኩረት ርቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። 1000 ለ25 ሲካፈል 40 ጊዜ ያጎላል። ቱቦው 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቀሪውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት የካርቶን ጥቅል ይሸፍነዋል። በሁለቱ ሌንሶች መካከል 102 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ምስሉ ይጠራል። የሌንሱ ጎባጣ ፊት ወደ ሰማይ ይዙር።

መጀመሪያ የሚያናድዳችሁ በጨረቃ ጠርዝ ላይ የሚታየው ሰማያዊና ቀይ ቀለም ነው። ነጠላ ሌንስ ቀለማትን አንድ ቦታ ላይ አይሰበስብም። መድኃኒቱ መሐሉ 30 ሚሊ ሜትር የተበሳ ካርቶን ሌንሱ ፊት ላይ መለጠፍ ነው፤ ብርሃን ይቀንሳል፣ ምስሉ ግን ይጠራል። ምስሉ ነጣ፣ ጉም ለበስ ካለ የቱቦው ውስጥ እያንጸባረቀ ነውና የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት። በእጅ ይዞ ማየትማ አይታሰብም፤ 40 ጊዜ የሚያጎላ ነገር የእጅን መንቀጥቀጥም 40 ጊዜ ያጎላል። ወፍራም ግንድ ላይ ወይም የካሜራ መቆሚያ ላይ እሰሩት። ምስሉ የተገለበጠ ነው፣ ለሰማይ ግድ የለም። ወደ ፀሐይ ግን በምንም ምክንያት አይዞርም፤ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል። ልጆች ብቻቸውን ቀን ላይ እንዳይነኩት ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ሙሉ ጨረቃን አታሳዩ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የለም፣ ጉድጓዶቹም አይለዩም። ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር አሳዩ። ጁፒተርን ስታገኙ አራቱን ጨረቃዎች በየምሽቱ አሥሏቸው፣ ጋሊሊዮ በ1610 እንዳደረገው። ቅርቧ አዮ በ1.77 ቀን፣ ሩቋ ካሊስቶ በ16.7 ቀን ትዞራለች። ደብተሩን ለሦስት ሳምንት ያላቋረጠ ልጅ የካሊስቶን ዙር ራሱ ይደርስበታል።

ምልከታ ማለት እኩለ ሌሊት ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀሩት ሴት ልጆች ናቸው። እኛ አገር ከምሽቱ 1፡30 ጀምሮ ሰማዩ በቂ ጨለማ ነው። ወላጅ ባለበት ግቢ፣ ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ በቂ ነው።

የሰሜን ኮከብ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። 80 ሜትር ርቆ ያለ 15 ሜትር ባሕር ዛፍ ይጋርደዋልና ቦታ ምረጡ። ከፍታውን በፕሮትራክተርና በክር የለካ ልጅ የቆመበትን ኬክሮስ ለካ ማለት ነው። በሌላ ወቅት ደግሞ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል ይታያል፤ ሁለቱንም ማየት ለእኛ ለወገብ ቅርብ ሰዎች የተሰጠ ዕድል ነው። ባይኖኩላር ካለ በኅዳር ምሽት በአንድሮሜዳ ክልል ያለችውን ቡናን ፈልጉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ባዘጋጀው የስያሜ ውድድር ኮከቧ ቡና፣ የምትዞራት ፕላኔት አቦል ተብላለች። ፕላኔቷ በኛ መሣሪያ አትታይም፤ ኮከቧ ግን ትታያለች።

ክረምት ሲገባ ሰማዩ ይዘጋል፣ የልጆቹ የሥነ ፈለክ ክበብም ይበተናል። እንዳይበተን ኮምፒውተርና ትንሽ ኢንተርኔት ካለ በዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር ተመዝገቡ። ነጻ ነው፤ ሃዋይ ያለው ፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ምስሎች ይላኩላችኋል፣ ልጆቹም ከምስል ወደ ምስል የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ፣ ማለትም አስትሮይዱን (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ አለት)፣ ይለያሉ።

«ከዚያስ ምን ይማር?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ፊዚክስና ሒሳብ፣ ጎን ለጎን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብም በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በላያችን ያለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ንጣፍ) የጂፒኤስ ምልክትን የሚያውክበት ቀጣና ነው። ስለዚህ የሕዋ ሳይንስ የሚማር የጎጃም ልጅ የምርምር ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ቀን ይቆረጥልን ካላችሁኝ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን በኩል ያልፋል። የራጅ ፊልም፣ ጥቀርሻ የተቀባ መስታወት፣ በገበቴ ውኃ ማየት ዓይን አያድኑም። ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ወይም ትክክለኛ የግርዶሽ መነጽር ብቻ። ሁለቱም ከሌሉ ካርቶን ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ በ3 ሜትር ርቀት ነጭ ወረቀት ዘርጉ፤ 28 ሚሊ ሜትር የምትሆን ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትወድቃለች። የተቆረሰው ክፍል በየ10 ደቂቃው በእርሳስ ይሠመር፣ ሰዓቱም ጎኑ ላይ ይጻፍ። ሐምሌ ነውና ደመና ቢመጣም ተበትናችሁ አትሂዱ፤ የደመናው መሳሳት ለሁለት ደቂቃ እንኳ ቢሆን አንድ መስመር ያስሠምራል።