ገሃነም ለማን ተሠራ?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። እጅ ማውጣት አያስፈልግም፤ በልባችሁ መልሱልኝ። ገሃነም ለእኔ ነው የሚገባኝ የሚል ሰው እዚህ አለ? እሺ፣ እሱን እንለፈው። ሁለተኛው ጥያቄ ይቀላል። ገሃነም መግባት አለበት የምትሉት ሰው አለ? ስም አልጠይቅም። ግን አንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ስሙ ሊነበብ ምንም አልቀረውም።

እኔም አንድ ሰው አለኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ላይ በሐሰት መሰከረ። አባቴ ሥራውን አጣ፤ ስሙም ጠፋ። ሰውዬው ግን ደልቶት ኖረ። አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ በሰላም ሞተ። ቀብሩ ላይ ደግነቱ ተወራ። ወሬው ቤታችን ሲደርስ እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። «እዚያ ይጠብቀዋል» አለች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ማጠፏን ቀጠለች።

የዛሬው ርዕሴ ያቺ «እዚያ» ናት። ገሃነም ምን ያደርጋል? ምን ሊሠራ መጣ? ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ሰውን ለማስፈራራት» የሚል ነው። እኔ ግን የየሃይማኖቱን ጽሑፍ ባገላበጥኩ ቁጥር ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ገሃነም መጀመሪያ የተፈለገው ለአጥፊው ተብሎ አይመስለኝም። ለተበዳዩ ነው። እዚህ ምድር ላይ ችሎት ያላገኘ ሰው ፋይሉ አልተዘጋም ለማለት ነው።

ከቃላቱ እንነሳ። ሲኦልና ገሃነም በአፋችን አንድ ሆነዋል። ጥንት ግን ለየቅል ነበሩ። ሲኦል በዕብራይስጡ መጽሐፍ የሙታን ሁሉ ማደሪያ ነው። ጻድቁም ኃጥኡም ይወርድበታል። ያዕቆብ ዮሴፍ ሞተ ሲባል እያለቀስኩ ወደ ልጄ እወርዳለሁ ያለው፣ ልጄ እየተቃጠለ ነው ብሎ አይደለም። መጽሐፈ መክብብም እዚያ ሥራና ዕውቀት የለም ይላል እንጂ እሳት አያነሳም። ጸጥ ያለ ጨለማ ነው፤ በቃ።

ገሃነም ደግሞ በካርታ ላይ የሚገኝ ቦታ ነው። ከአሮጌዋ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለው የሄኖም ሸለቆ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ወላጆች እዚያ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጥላሉ ብሎ ይከሳል። ንጉሥ ኢዮስያስም ዳግመኛ ማንም ልጁን እንዳይሠዋበት ቦታውን አረከሰው። ሸለቆው የከተማዋ ቆሻሻ ማቃጠያ ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ማስረጃው ደካማ ነው። ነገሩ በጽሑፍ የሚታየው በ1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ በነበረው በረቢ ዳዊት ቂምሒ ነው። ኤርምያስ ስለ ቆሻሻ አላወራም፤ ያወራው ስለ ልጆች ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህ ስም የመጣው ሕፃናት ከሞቱበት ቦታ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ፍርድ ወደ ሙታን አገር መቼ ገባ? እዚህ ላይ መጽሐፈ ሄኖክን እወዳለሁ፤ ሙሉ ጽሑፉ ተርፎ የደረሰን በግዕዝ ነው። ምዕራፍ 22 ላይ ሄኖክ ነፍሳት ፍርድ እስኪመጣ የሚቆዩበትን ስፍራ ይጎበኛል። እዚያ የሚሰማው ምን መሰላችሁ? የሚቃጠል ሰው ጩኸት አይደለም። የሚከስ ድምፅ ነው፤ ወደ ሰማይ ይወጣል። ይህ የማን ነፍስ ነው ብሎ መልአኩን ሩፋኤልን ይጠይቃል። የአቤል ነው፣ ወንድሙ ቃየል ከገደለው ጀምሮ እየከሰሰው ነው ይለዋል። ስፍራው ለጻድቃንና ለኃጥኣን የተከፋፈለ መሆኑ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከሳሹ ቀደመ፤ ወህኒው ተከተለ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ደግሞ ይሁዳን ይገዛ የነበረው የግሪክ ንጉሥ አንጥያኮስ 4ኛ የአይሁድን ሕግ ከለከለ። እስከዚያ ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ ሕግ ጠብቅ፣ ዕድሜህ ይረዝማል። አሁን ሕግ ጠባቂው በወጣትነቱ እየታረደ፣ ከሃዲው ይሾማል። ሒሳቡ አልገጥም አለ። ብዙ ሊቃውንት የዳንኤል መጽሐፍ 12ኛው ምዕራፍ የተጻፈው በዚህ ዘመን ነው ይላሉ። ሙታን ይነሣሉ፣ ግማሹ ለዘላለም ሕይወት፣ ግማሹ ለእፍረት የሚለው እዚያ ነው። አያችሁ፣ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ኃጢአት ስለበዛበት ሳይሆን እንባ ስለበዛበት ይመስለኛል።

ማስፈራሪያነቱ የለም እያልኩ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ በግልጽ አስቀምጦታል። ቅጣት የሚታረመውን ያርማል፤ የማይታረመውን ደግሞ ለሌላው መቀጣጫ ያደርገዋል። ደስ የሚለው፣ ወዲያኛው ዓለም መቀጣጫ ሆነው የሚሰቀሉት አብዛኞቹ ነገሥታትና አምባገነኖች ናቸው ይላል። ተራው ሰው ያን ያህል ለመበደል ሥልጣኑ የለውማ! በኋላ ግን መሣሪያው እጅ ቀየረ፤ ነገሥታቱ ራሳቸው ያዙት። ሕፃን ልጅ እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ በእሳት የሚያስፈራራም ሰባኪ መጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ እኔ በበኩሌ ትዕግሥት የለኝም።

አሁን ወደ አንድ ሐዲስ ልውሰዳችሁ። ሶሂሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦቻቸውን «የከሰረ ሰው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ገንዘብም ንብረትም የሌለው ነው አሏቸው። እሳቸው ግን ሌላ ሰው አሳዩዋቸው። ይህ ሰው በፍርድ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙን፣ ዘካውን ይዞ ይመጣል። ግን አንዱን ሰድቧል። የሌላውን ገንዘብ በልቷል። የአንዱን ደም አፍስሷል፣ ሌላውን ደብድቧል። ከመልካም ሥራው እየተነሳ ለእነዚያ ሰዎች ይሰጣል። ዕዳው ሳያልቅ መልካም ሥራው ካለቀ፣ የእነሱ ኃጢአት ተነሥቶ እሱ ላይ ይጫናል። ከዚያ ወደ እሳት።

እስቲ ሰውዬውን ልብ ብላችሁ እዩት። በአምልኮ በኩል ምንም አልጎደለበትም። ወረፋ ይዘው የቆሙት ግን ባለዕዳዎቹ ሳይሆኑ አበዳሪዎቹ ናቸው። የተሰደበው፣ የተበላው፣ የተመታው። እያንዳንዱ ስሙ ተጠርቶ ድርሻውን ይቀበላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እዚህ ደግሞ መዝገቡም አይረሳም።

የአይሁድ ረቢዎች የሕግ መጽሐፍ ሚሽናም በዚሁ ይስማማል። የስርየት ቀን በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል፤ በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን፣ ባልንጀራው ይቅር እስኪለው ድረስ አያስተሰርይም። ኢየሱስም በተራራው ስብከት መባህን መሠዊያው ፊት ተወው፣ መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። እዚያው ላይ ነው ባላጋራህ ለዳኛ እንዳይሰጥህ በመንገድ ሳለህ ፈጥነህ ተስማማ የሚለው።

ቅጣቱ ስንት ጊዜ ይቆያል በሚለው ላይ ግን መንገዱ ይለያያል። በሚሽና የክፉዎች ፍርድ በገሃነም 12 ወር ነው። ከዚህ የመጣ አንድ ልማድ አለ። ልጅ ለሞተ ወላጁ ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት የሚያደርሰው 11 ወር ብቻ ነው። ለምን ቢሉ፣ 12 ሙሉ ቢጸልይ «አባቴ ሙሉውን የሚገባው ክፉ ነበር» ማለት ይመስልበታል። የልጅ ነገር! ገሃነም ውስጥ እንኳ የአባቱን ስም ይጠብቃል። በሰንበት እሳቱ ያርፋል የሚልም ትውፊት አላቸው።

በሂንዱና በቡድሃ ትምህርት ናራካ፣ ማለትም ገሃነማቸው፣ እጅግ ረጅም ነው፤ ግን ማብቂያ አለው። ዕዳህን ከፍለህ ትወጣለህ፣ እንደገና ትወለዳለህ። ከቡድሃ ስብከቶች በአንዱ የሙታን ዳኛው ያማ አጥፊውን የሚጠይቀው ጥያቄ የዋህ ነው። ምርኩዝ ይዞ የጎበጠ ሽማግሌ አላየህም? ራሱን ማንሳት ያቃተው በሽተኛ አላየህም? ሬሳ አላየህም? ነገ በእኔም ይደርሳል አላልክም? ከዚያ ይህን የሠራኸው አንተ ነህ፣ እናትህም አባትህም አይደሉም ይለዋል። ስብከቱ ሲያልቅ ያማ ራሱ ምነው ሰው ሆኜ በተወለድኩ፣ የቡድሃን ትምህርትም በሰማሁ ብሎ ይመኛል። ሥራው የሰለቸው ዳኛ ነው።

ክርስትና ውስጥ ክርክሩ ይከርራል። የቤተ ክርስቲያን መምህሩ ኦሪጀን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅጣቱ መድኃኒት ነው፣ በመጨረሻ ፍጥረት ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል ወደሚል ተስፋ አዘነበለ። ስሙ በ553 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተወገዙት ጋር ተቆጠረ። አውግስጢኖስም ለስላሳ ልብ ያላቸውን ምእመናን አንድ በአንድ እየመለሰ የዘላለሙን ቅጣት ተከራከረለት። በእስልምናም አብዛኞቹ ሊቃውንት እሳቱ ለከሃዲ ዘላለማዊ ነው ይላሉ፤ የአንዲት ቅንጣት ያህል እምነት ያለው ግን ይወጣል የሚል ሐዲስ አለ።

የዘላለም ቅጣት ለተበዳዩ ምን ያደርግለታል? ይህ ጥያቄ ነው የሚከብደኝ። በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ይኖር የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ፣ ክርስቲያኖችን ያቃጠሉ ገዥዎች ከዚያ በባሰ እሳት ሲቃጠሉ እያየ እንደሚደሰት ጽፏል። ሰውዬው ከተበዳዮቹ ወገን ነው። በዘመኑ ክርስቲያኖች ይገደሉ ነበር። ልፈርድበት አልችልም። ግን ሳነበው፣ የቀብሩን ወሬ የሰማሁ ዕለት እኔም ውስጤ ምን ሲመኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁ። ሶርያዊው መነኩሴ ማር ይስሐቅ ደግሞ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፍጹም ሌላ ነገር አለ። በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው። የወደደንን መበደላችን ሲገባን የሚሰማን ያ ሕመም ነው እሳቱ። እንዲህ ከሆነ ገሃነም ማለት በዳዩ በመጨረሻ ገባው ማለት ነው። ተበዳይ ሁልጊዜ የሚፈልገው ይህን አይደል? «ምን እንዳደረግከኝ ይግባህ።»

ማሃባራታ የሚባለው የሂንዱዎች ታላቅ ግጥም የዘመዳሞችን ጦርነት ይተርካል፤ መጨረሻው ላይ ንጉሥ ዩዲሽቲራ ሰማይ ይደርሳል። ሲገባ የሚያየው ያን ሁሉ እልቂት ያመጣውን ጠላቱን ዱርዮዳናን ነው፤ በዙፋን ላይ ያበራል። አስቡት፣ በልባችሁ የያዛችሁት ሰው ቀድሟችሁ ገብቶ ቢጠብቃችሁ! ዩዲሽቲራ ተቆጣ። ወንድሞቼ ወዳሉበት ውሰዱኝ አለ። መልእክተኛው ዝንብ በወረረው፣ ደም ባጨቀየው፣ በሚከረፋ ጨለማ መንገድ ይዞት ወረደ። ሽታው አላስቆም ሲለው ሊመለስ ዞረ። ያኔ ድምፆች ለመኑት። እባክህ ትንሽ ቆይ፣ አንተ ስትመጣ ደስ የሚል ነፋስ ነፈሰልን አሉት። እነማን ናችሁ ሲል የወንድሞቹን ስም ጠሩለት፤ የሚስታቸውን የድራውፓዲንም። «ሂድ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለው መልእክተኛውን።

ወዲያው ሲኦሉ ተገፈፈ፤ አማልክቱ መጡ። ታዲያ ለምን አሳዩት? ምክንያቱን ይነግሩታል። በጦርነቱ አንዴ መምህሩን ድሮናን አታሎ ነበር። «አሽዋታማ ሞተ» አለው፤ የድሮና ልጅ ስም ነው። የሞተው ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ዝሆን ነበር፤ «ዝሆኑ» የሚለውን በለሆሳስ ዋጠው። አባት ልጄ ሞተ ብሎ መሣሪያውን ጣለና ተገደለ። ስለዚህ ጻድቁ ንጉሥም ለጥቂት ጊዜ ገሃነምን በማታለያ አየ። ድሮናም ፋይል ነበረው ማለት ነው።

አንድ ቦታ ልጨምርና ልጨርስ። እንደገና ፕላቶ ነው፤ ሶቅራጥስ በሚሞትበት ቀን ለወዳጆቹ የነገራቸው ብሎ የጻፈው። በቁጣ ሰው የገደሉ፣ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጸጸቱ አሉ። ወደ ጥልቁ ይጣላሉ። ከዓመት በኋላ ማዕበሉ ይተፋቸውና ወንዙ አንድ ሐይቅ አጠገብ ያደርሳቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ይጮኻሉ። የሚጠሩት አማልክትን አይደለም፤ የገደሏቸውንና የበደሏቸውን ሰዎች ነው። እንድንወጣ ፍቀዱልን፣ ተቀበሉን ይላሉ። ካሳመኗቸው ይወጣሉ፤ ቅጣቱም ያበቃል። ካላሳመኗቸው ወንዙ መልሶ ይወስዳቸዋል። ደግሞ ይመጣሉ፣ ደግሞ ይጮኻሉ። ከዳኞቹ የተሰጣቸው ፍርድ ይህ ነው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያ ሰውዬ ታየኝ፤ ውኃው ውስጥ ሆኖ ሲጣራ። ስሙን ይዤ ይህን ሁሉ ዓመት የዞርኩት እኔ ነኝ። የሚጠራው ግን አባቴን ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ የዚያን ሰው ስም አንስቶ አያውቅም። ይቅር ብሎት ይሁን አንጀቱ አርሮ፣ አልጠየቅኩትም።

አመሰግናለሁ።