የመሃሉ ቤት ስንት ያገኛል?

የተከበራችሁ የወረዳ ፕላን ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ግብርና ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ የደሴ ብርድ ስለ ቁጥር ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ያስመሰግናል።

በየዓመቱ ሪፖርት ላይ «የአርሶ አደሩ አማካይ ገቢ አድጓል» የሚል አረፍተ ነገር አይጠፋም። እኔ አማካዩን ተዉት ነው የምለው። የወረዳውን ቤተሰቦች ከትንሽ ወደ ትልቅ ብንደረድራቸው መሃል ላይ የሚቆመው ቤት ስንት ያገኛል? እሱን እንለካ። ከዓመት ዓመት በአንድ መንገድ እንለካ።

አምስት ቤት አስቡ። አራቱ በዓመት 40፣ 50፣ 60 እና 70 ሺህ ብር ያገኛሉ። አምስተኛው አይሱዙ አለው፤ 480 ሺህ ያገኛል። አማካዩ 140 ሺህ ይመጣል። አራቱ ቤት ግን የዚህን ግማሽ አያልፉም። የመሃሉ 60 ሺህ ነው። ባለ አይሱዙው ሁለተኛ መኪና ቢጨምር አማካዩ ይዘላል፣ የመሃሉ ንቅንቅ አይልም።

አሜሪካኖች ለየገጠር ካውንቲያቸው፣ እንደኛ ወረዳ ላለው አስተዳደራቸው ማለት ነው፣ ይህን የመሃል ቁጥር በየዓመቱ ይገምታሉ። ሕዝቡ ከ65 ሺህ በታች ከሆነ የአንድ ዓመት ናሙና ስለማይበቃ የ5 ዓመቱን መልስ አንድ ላይ ያወጣሉ። ሌላው ዘዴያቸው የናሙና ጥናቱን ከግብር መዝገብ ጋር ማዋሃድ ነው። የእኛ ገበሬ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ግን የማሳውን ስፋት እንጂ የዓመቱን ምርት አይከተልም። ከሱ ገቢ ማንበብ አይቻልም።

እኛ ምን አለን? በ1976፣ በ1987 እና በ1999 የተደረጉ የሕዝብ ቆጠራዎች። አራተኛው እስካሁን አልተካሄደም። የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናቶችም አሉ፤ ለምሳሌ የ1988፣ የ1992፣ የ1997፣ የ2003 እና የ2008። እነዚህ ስለ ክልል ይናገራሉ። አንድን ወረዳ ለብቻው ለመናገር የተጠየቀው ቤት ያንሳል። መፍትሔው ጣሪያ፣ በሬ፣ ትምህርትና የቤተሰብ ብዛት ከወጪ ጋር እንዴት እንደሚሄዱ ከጥናቱ አውጥቶ ቆጠራው ላይ ማዋል ነው። ዘዴው ደህና ነው። ግን ከ1999 ወዲህ ስንት የሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሷል?

ከባዱ ነገር ግን «ገቢ» ማለት ምንድን ነው የሚለው ነው። የወሎ ገበሬ ካመረተው ብዙውን ራሱ ይበላዋል። ያ እህል ገቢ ነው፤ በብር ይተመን። በየትኛው ዋጋ? ታኅሣሥ ላይ ጎተራው ሲሞላ ጤፍ ይረክሳል፣ ነሐሴ ላይ ይወደዳል። አንዱን ዓመት በታኅሣሥ፣ ሌላውን በነሐሴ ዋጋ ከተመንን «ዕድገቱ» የወር ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። በልግ የሚያመርቱ ደጋዎች ላይማ ስሌቱ ይበልጥ ይምታታል። ቁናም አለ፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው አይገጥምም። በኪሎ መዝኑ።

ሰውም እውነቱን አይነግራችሁም፤ አልፈርድበትም። ገቢዬ ደህና ነው ካለ ከሴፍቲኔት ዕርዳታ «ተመርቀሃል» ተብሎ ሊወጣ ነው። ልጅቱ ከጅዳ ወይም ከቤሩት የምትልከውን ሀዋላማ ጎረቤትም አይሰማ። ስለዚህ «ስንት አገኘህ» ከማለት «ምን በላችሁ፣ ምን ገዛችሁ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአገራችን ድህነትም የሚለካው በፍጆታ ነው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው የሴፍቲኔት መልማይ ባይሆንም ጥሩ ነው።

«ገቢው በእጥፍ ጨመረ» ስትሉ ደግሞ ዋጋው ስንት እንደጨመረ አብራችሁ ጻፉ። ወደ ዶላር መመንዘርም መፍትሔ አይሆንም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በዶላር ብትቆጥሩት የቆቦ ገበሬ በሳምንታት ውስጥ የደኸየ ይመስላል። ማሽላው ግን እንዳለ ነው። የአካባቢውን ገበያ ዋጋ ተጠቀሙ።

የወረዳ ድንበርም ይቀያየራል። በ1987ቱ ቆጠራ ዳውንትና ደላንት አንድ ወረዳ ነበር። ዛሬ ዳውንት ሰሜን ወሎ፣ ደላንታ ደቡብ ወሎ ነው። የድሮውን ቁጥር ከዛሬው ደላንታ ጋር ማወዳደር ሁለት የተለያየ ነገር ማወዳደር ነው። ቀበሌ በቀበሌ መገጣጠም አለበት። ጦርነቱም አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከቀዬው የተፈናቀለን ቤተሰብ ዘሎ የተሠራ ግምት፣ የቀሩትን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ከላሊበላ አጠገብ ያለችው ሹምሸሃ ከ1986 ጀምሮ ለዓመታት ያንኑ ቤተሰብ እየተመለሱ በጠየቁበት የገጠር ጥናት ውስጥ ነበረች። እኔ የምመኘው ይህን ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ዕጣ አውጥቶ ጥቂት መቶ ቤቶች ይምረጥ፤ ሞዴል አርሶ አደር ብቻ ተመርጦ አይምጣብን። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ፎርም ወደዚያው ቤት ይመለስ። ልጅ አግብቶ ጎጆ ከወጣ አዲሱም ጎጆ ይከተል። ውጤቱ ሲጻፍ «ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል» ይባል፤ አንድ ድፍን ቁጥር አይበቃም። የድሮ ፎርሞቻችሁንም ለመጠቅለያ አትስጡ፣ እባካችሁ።

የፎርሙ ረቂቅ በእጃችሁ አለ። ከሻይ በኋላ የፍጆታውን ገጽ አብረን እንሞላዋለን። አመሰግናለሁ።