ለአዲስ ተወዳዳሪዎች የተዘጋጀ ንግግር፦ በሬዲዮ የሚመራን መኪና ለክለብ ውድድር ስለ ማስተካከል

የተከበራችሁ የክለባችን አባላት፣ በተለይም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድር የምትገቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የምናገረው በ1 ለ10 መጠን (ከእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ሆኖ) ስለተሠራው፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራውና ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚያዞረው በጊ ስለሚባለው የውድድር መኪና ነው፤ አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት እርሱን ነውና። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስባችሁ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ እንዳትለውጡ፣ የለወጣችሁትንም በደብተር እንድትመዘግቡ ነው። ሞላውን፣ ዘይቱንና ጎማውን አንድ ላይ ቀይሮ መኪናው የተሻለለት ተወዳዳሪ የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም፤ በሌላ ቀን መኪናው አልታዘዝ ሲለው ደግሞ ወዴት እንደሚመለስ ይቸግረዋል። መነሻችሁ ፋብሪካው በመመሪያው ላይ ያሰፈረው ልክ ይሁን።

ጎማው ለሜዳው ካልተስማማ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም፤ ስለዚህ በምንጣፍ ሜዳ የቆዩ አባላት ምን ዓይነት ጎማ እንደሚጠቀሙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሾክ አብዞርበሩን፣ ማለትም የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን ዘይት ያለበትን ቱቦ ነው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዳችሁ ዘይቱን እስከ አፉ ድረስ ከሞላችሁ በኋላ ዘንጉን በጣም በዝግታ ከፍና ዝቅ አድርጉት፤ ከፒስተኑ ሥር የቀረው አየር በቀዳዳዎቹ በኩል ጥቃቅን አረፋ እየሆነ ይወጣል። አረፋው ሳይጠፋ ክዳኑ ከተዘጋ አየሩ ከዘይቱ ጋር ይደባለቅና ሾክ አብዞርበሩ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ላላ እያለ ይሠራል። የግራና የቀኙን ጎን ለጎን ይዛችሁ ዘንጎቹን እኩል ግፉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ከተመለሰ ፈትታችሁ እንደገና ሥሩት። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከውድ ሞተር ይልቅ እኩል የተሠሩ ሾክ አብዞርበሮችን እመርጣለሁ።

ሻንሲው (የመኪናው ወለል) ከመሬት ያለው ከፍታ የሚለካው ባትሪውና የላይኛው አካል ተገጥመው፣ መኪናው ከጥቂት ሴንቲሜትር ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ተለቆ በራሱ ከረጋ በኋላ ነው። በእጅ ተጭኖ መለካት ያሳስታል። የኋላ ጎማዎች ፊታቸውን ወደ ውስጥ 3 ዲግሪ ያህል ማዞራቸው ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የተለመደ ነው፤ ጋዝ ሲሰጠው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይረዳዋል። መኪናው መታጠፊያ ላይ እንቢ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ የፊቱን ሞላ ለስለስ ባለ ቀይሩ፤ የኋላው የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ የኋላውን አለስልሱ። ያም ቢሆን መጀመሪያ ጎማው አለማለቁንና ብሎኖቹ አለመላላታቸውን ተመልከቱ።

የሞተሩ ትንሽ ማርሽ ከትልቁ ማርሽ ጋር ሲገጥም በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ ብሎኑን አጥብቁ፤ ወረቀቱ ሲወጣ የሚበቃ ክፍተት ይቀራል። ሞተሩ ከሩጫ በኋላ ከልክ በላይ ከጋለ የሞተሩን ማርሽ አንድ ጥርስ ባነሰው ቀይሩ።

ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ እሳት በሚከላከል ከረጢት ውስጥ ሙሉት፣ ትታችሁትም አትሂዱ። በዚህ ጉዳይ ክለባችን ለማንም አያላላም።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ እንሂድ፤ ዘይትና መፍቻ ተዘጋጅቷል፣ ከፊት ሾክ አብዞርበሮቻችሁ እንጀምራለን።