የእጅ ጀርባ ሲቆስል ስስ ቆዳ ለምን ይፈለጋል?

(ምስል፦ የተዘረጋ እጅ፣ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ)

እስቲ የእጃችሁን ጀርባ እዩት። ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሉት ጅማቶች ናቸው። ቆዳው ስስ ነው፤ ቆንጠጥ ስታደርጉት ብድግ ይላል። ቡጢ መጨበጥ የምንችለውም ስለሚለጠጥ ነው።

ማሽን ወይም እሳት ይህን ቆዳ ሲወስደው ጅማትና አጥንት ይጋለጣሉ። ታዲያ ከጭን ላይ ቆዳ ገፎ መለጠፍ አይበቃም? ብዙ ጊዜ አይበቃም። ተገፎ የመጣ ቆዳ የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚኖረው ካረፈበት ቦታ ደም ስቦ ነው። ሽፋኑ የተገፈፈ ጅማት ወይም አጥንት ደግሞ የሚሰጠው ደም የለውም። ቆዳው ቢይዝ እንኳ ከጅማቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጣቱም አልታዘዝ ይላል።

ስለዚህ ቆዳው ከነደም ሥሩ ይዛወራል። ሐኪሞች ፍላፕ ይሉታል።

ግን ከየት ይወሰድ? የጭን ቆዳ ብዙ ጊዜ ወፍራም ስብ አለው። እጅ ላይ ሲያርፍ ጉብ ይላል። ጓንት አያስገባም፣ አንጓውም እንደልብ አይታጠፍም። በኋላ ስቡን ለመቀነስ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ቁስሉ መዘጋቱ ብቻውን አይበቃም፤ እጅ መሥራት አለበት።

(ምስል፦ የክንድ ደም ሥሮች ሥዕል)

አንዱ አማራጭ ከክርን በታች ያለው የክንድ ቆዳ ነው። ቻይናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፈውበታል። ስስና ተለማጭ ነው፤ ለእጅም ቅርብ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ዋና ደም ቅዳ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይፈተሻል። ታካሚው ቡጢ ይጨብጣል። ሐኪሙ አንጓው ላይ ሁለቱንም ደም ቅዳዎች ይጫናል። እጁ ሲከፈት መዳፉ ይገረጣል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ብቻ ሲለቀቅ መዳፉ ቶሎ ወደ ቀለሙ ከተመለሰ፣ ያ ደም ቅዳ ብቻውን እጁን መመገብ ይችላል ማለት ነው። ካልተመለሰ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ክንዱ ላይ የሚቀረው ጠባሳም በግልጽ ይታያል።

ሌላው ብሽሽት ነው። ማክግሬገርና ጃክሰን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ዘዴ እጁን ብሽሽት ላይ ሰፍቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ማቆየት ነው። ቆዳው ከእጁ ደም መሳብ ሲጀምር ከብሽሽቱ ይቆረጣል። ትዕግሥት ይፈትናል፤ እጅ ያብጣል፣ ትከሻም ይደርቃል። ግን ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም፤ መሣሪያ ባልተሟላበት ሆስፒታል ዛሬም እጅ ያተርፋል። ይህን ዘዴ አሮጌ ብሎ መናቅ አይገባም።

ከዚያው ከብሽሽት ጃፓናዊው ሐኪም ኢሳኦ ኮሺማ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሻለ ነገር አሳየ። ወደ ቆዳው ብቅ የምትለዋን ቀጭን የደም ሥር ተከትሎ ስስ ቆዳ ያነሳል። ከሥር ያለው ስብ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጠባሳው ከውስጥ ልብስ ሥር ይደበቃል። ከባዱ ነገር ደም ሥሯ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ትቀጥናለች። ከእጁ ደም ሥር ጋር የምትሰፋው በማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው።

(ምስል፦ አልጋ ላይ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ እጅ)

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው። ቆዳው ቀዝቅዞ ከገረጣ ደም አልገባም። ጠቁሮ ካበጠ የገባው መውጫ አጥቷል። በተፈጥሮው ጥቁር በሆነ ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ ሙቀቱንም በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል፤ ታካሚው ማጨስ የለበትም። አስታማሚ ለውጥ ካየ እስኪነጋ አይጠብቅ፤ ያኔውኑ ነርሷን ይጥራ። የተዘጋ ደም ሥር በሰዓታት ውስጥ ከተከፈተ ቆዳው ሊተርፍ ይችላል።