ከሱቁ ወደ ጓዳ የምታስገባው በር

በአዳማ፣ ለሠፈር ነዋሪዎችና ለከተማ አስተዳደር እንግዶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሠፈራችን አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ዳኞች፣ ከከተማ አስተዳደሩ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሱቅ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። እኔ ሳንቲም ጨብጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የተላክሁት እዚያ ነው። ባለቤቶቹን ጋሼና እትዬ እያልን ነው ያደግነው፤ ዛሬም እንደዚያው እንላቸዋለን።

ስለ ቤቱ አንድ ሐሳብ እንደ ቀረበ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ለመታሰቢያ ይቅር፣ ከኋላ የተያያዘው መኖሪያ ግን ፈርሶ ፎቅ ይሠራበት የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ለሠፈሩ ቅን እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴን እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ሥራዬ ንድፍ ማስተማር ነው። ባለፈው ግንቦት ተማሪዎቼን ይዤ ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ለካነው። የማዕዘኑ ሹል ተቆርጦ በሩ የወጣው በሰያፍ ነው፤ ከጣቢያ የሚመጣውም ከገበያ የሚመለሰውም እኩል እንዲያየው። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ በረንዳ ስለ ሆነ፣ በአዳማ ፀሐይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጥላ ያገኛል። ባንኮኒው በቀኝ በኩል ጎድጉዷል። ሳንቲም እየተቆጠረ የሚገፋው በዚያ በኩል ነበር። ሚዛኑ የሚንጠለጠልበት ብረት ዛሬም ከጣሪያው እንጨት አልወረደም።

ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ በር አለች። ከሱቁ ወደ ጓዳ የምታስገባው እሷ ናት። ደፏ ከመመላለስ ብዛት መሀሉ ላይ ተበልቶ እንደ ገበታ ሰርጉዷል። በመዝጊያዋ ላይ ደግሞ ዝቅ ብላ አንዲት ቀዳዳ አለች። ተማሪዎቼ ምስጥ የበላት መስሏቸው በንድፉ ላይ «ጉዳት» ብለው ጻፏት። እትዬ አይተው፣ «አይ ልጆቼ፣ እሷንማ እኔ ነኝ ያስበሳኋት» አሉን። ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወጥ ሲያማስሉ፣ ሱቅ የገባውን የሚያዩት በዚያች ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ የተበሳችው በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው። በአንድ እጃቸው ልጅ አቅፈው፣ ሽንኩርቱ እንዳያርር እሳቱን ቀንሰው ወጥተው፣ ሩብ ኪሎ ስኳር መዝነው ይመለሳሉ። ሰባት ልጅ ያደገው እንዲህ ነው።

ለእኔ ቅርሱ ያቺ በር ናት። መኖሪያው ከፈረሰ በሯ ወደ የት ታስገባለች?

ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በእኛ በኩል አልፎ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። የቤቱ ቆርቆሮና ሚስማር፣ የሱቁ ላምባና አቡጄዲ በፉርጎ ነው የመጣው። ከባቡሩ ጋር ሰውም መጣ። በብዙ ከተሞቻችን ሱቅ ራሱ «አረብ ቤት» ይባል እንደ ነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፤ ከየመን የመጡ ነጋዴዎች በየማዕዘኑ ስለ ነበሩ ነው። ከጉራጌ አገር የወጡትም ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው፣ ባንኮኒ ሥር ተኝተው፣ ኋላ የራሳቸውን ከፈቱ። ስኳሩ ደግሞ ከጎረቤታችን ከወንጂ ነበር፤ ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ጋሼ ከገጠር ለመጣው በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ለአከፋፋዩ በጉራጊኛ ሲመልሱ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

ሱቅና ቤት ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፣ በዚሁ ሠፈር ሁለት የማዕዘን ቤቶች ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ፊቱ ለአንድ ተከራይ፣ ጓዳው ለሌላ ተሰጠ። የመሀሉ በር በጭቃ ተደፈነ። አዋጁን ለመንቀፍ አይደለም የማነሣው፤ ብዙ ቤት አልባ ሰው መጠለያ አግኝቶበታል። ግን ሁለቱም ሱቆች ማታ በ12 ሰዓት መዝጋት ጀመሩ፤ ባለሱቁ ወደ ሌላ ሠፈር ይገባላ! የእትዬ ሱቅ ግን ሌሊትም ይከፈታል። ልጅ ሲታመም፣ መብራት ሲጠፋ፣ መስኮቱን ኳ ማድረግ ብቻ ነው። የእድሩ ጡሩንባ ሌሊት በተነፋ ጊዜ ሁሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ለለቅሶው ቤት ቡናና ስኳር የሚወጣው ከዚያ ነው። የሚጻፈውም ዱቤ ደብተሩ ላይ ነው። ስንቶቻችን ነን በዚያ ደብተር ያለፍን? እናቴ የአባቴ ደመወዝ ሲዘገይ ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ደብተር አሳድራናለች። አንድ ቀን እንኳ ፊት አልጠቆረባትም። ይህን በአደባባይ ሳልናገር መቆየቴ ይቆጨኛል።

ከአስተዳደሩ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ «ጭቃ ቤት እንዴት ቅርስ ይባላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚለካው በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሥነ ጥበባዊና በእደ ጥበባዊ ዋጋው ነው፤ ሕንፃንም ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ይቆጥራል። ግድግዳው ከድንጋይ ይሁን ከጭቃ አይልም። ሐረር ጀጎልንም አስቡ። በ1998 በዩኔስኮ መዝገብ ስትሰፍር ሰው እየኖረባትና እየነገደባት ነው፤ ነጋዴዎች የሠሯቸው ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶችም የውበቷ አካል ናቸው።

ስለ ጥገናው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቋሚዎቹ ጽድ ናቸው፤ ምስጥ ያልደፈራቸው ለዚህ ነው። የተጎዳው በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ለማሳመር ተብሎ ሲሚንቶ ተለሰነ። ሲሚንቶ ደግሞ ጭቃውን እንዳይተነፍስ ያፍነዋል፤ ከሥር የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ምርጊቱን አራገፈው። ሲሚንቶውን አንሥቶ በተቦካ ጭቃና ጭድ መምረግ፣ ላዩን በኖራ መቀባት፣ የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ከመሠረቱ ማራቅ ያስፈልጋል። ጭቃ ማቡካት የሚያውቁ እጆች በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ።

ፎቅ አይሠራ አላልሁም። ከግቢው በስተኋላ፣ ከጓዳው አልፎ ባዶ ቦታ አለ፤ ልኬቱን ይዤዋለሁ። አዲሱ ሕንፃ እዚያ ይቁም። ለመኖሪያው የውኃ መስመርና ደህና ሽንት ቤት ይግባለት። እትዬም እርጅናቸውን በምቾት ይኑሩ፣ ከእሳቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው እዚያው እየኖረች እንድትሸጥ ይፈቀድላት። የምጠይቀው ሱቁና ጓዳው በአንድ ቁጥር፣ እንደ አንድ ቤት፣ በቅርስነት እንዲመዘገቡ ነው። የመሀሏ በርም በስሟ ትጻፍ።

ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ተማሪዎቼ «ጉዳት» የሚለውን ሰርዘው «የእትዬ መመልከቻ» ብለውታል። ከስብሰባው በኋላ አብረን እንውረድ፤ እትዬ ቡና እየቆሉ ነው። በርጩማዋ ከምድጃው አጠገብ አለች። ተራ በተራ ቁጭ እያላችሁ በቀዳዳዋ ወደ መንገዱ ተመልከቱ።

አመሰግናለሁ።