ወፍጮው የማን ነበር?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ከወለድ ነፃ ባንክ ነው የማወራው። አዳማ ላይ ቡና ተይዞ ይህ ጉዳይ ከተነሳ አንድ አባባል አይቀርም፦ «ወለድ አይሉትም እንጂ ያው ወለድ ነው።» ይህን የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ሒሳቡ ብቻ ከታየ እውነትም ይመሳሰላል። መልሱ ያለው ወረቀቶቹ በየትኛው ቅደም ተከተል ተፈረሙ የሚለው ላይ ነው።

አንድ የአዳማ እህል ነጋዴ የዱቄት ወፍጮ ፈለገ እንበል። ከሻጩ ፕሮፎርማ ያመጣል፤ ዋጋው 1,200,000 ብር። ባንኩ ንግድ ፈቃዱን፣ ገቢውን፣ ዋስትናውን ያያል። እዚህ ላይ ከሌላው ባንክ ልዩነት የለም፤ ቤት ወይም መኪና ማስያዝም አይቀርም። ቀጥሎ ነጋዴው «ከገዛችሁት ከእናንተ እገዛለሁ» ብሎ ይፈርማል። ይህ ቃል መግባት ነው፣ ገና ሽያጭ አይደለም። ባንኩ ለሻጩ ከፍሎ ወፍጮውን ይረከባል። ከተረከበ በኋላ የገዛበትንም ትርፉንም በግልጽ ተናግሮ በ1,440,000 ብር ይሸጥለታል። በ24 ወር ሲከፋፈል በወር 60,000 ነው። ሙራባሃ የሚሉት ይህን ነው።

በሁለቱ ሽያጮች መካከል ያለችው ጊዜ አንዳንዴ ግማሽ ቀን አትሞላም። ግን በዚያች ግማሽ ቀን ወፍጮው ሲጫን ወድቆ ቢሰበር ኪሳራው የባንኩ ነው። ትርፉን ትርፍ የሚያሰኘው ይህ ኃላፊነት ነው። እሱ ከሌለ ቡና ላይ የተባለው ትክክል ነው።

የሚበላሸውም እዚችው ላይ ነው። ባንኩ ብዙ ጊዜ ደንበኛውን ወኪል አድርጎ «አንተው ግዛልን» ይለዋል። ውክልናው፣ ግዢውና ሽያጩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ትንፋሽ ከተፈረሙ ባንኩ ዕቃውን መቼ ያዘው? ሌላው ደግሞ ደንበኛው ዕቃውን ቀድሞ ገዝቶ፣ ደረሰኝ በኪሱ ይዞ ሲመጣ ነው። የገዛ ንብረቱን ባንክ መልሶ ሊሸጥለት አይችልም። ሻጩ ከደንበኛው ጋር ተመሳጥሮ ብሩን ከተቀበለ በኋላ የሚመልስለት ከሆነ ደግሞ ወፍጮም የለም፣ ሽያጭም የለም፤ በቁሙ የገንዘብ ብድር ነው። ሥራው ከእስልምና ሕግ ጋር መስማማቱን የሚያጣራው የሸሪዓ ኦዲተር ይህን ሲያገኝ ትርፉ ከባንኩ ገቢ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል።

ክፍያ ቢዘገይስ? 1,440,000ው አይጨምርም። ቅጣት ሊኖር ይችላል፣ ግን እሱም ለበጎ አድራጎት ነው እንጂ ባንኩ አይበላውም። ብር ዋጋው በሚወርድበት አገር ይህ ለገዢው ትልቅ ነገር ነው፤ ባንኩን ግን ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ዋስትናው ላይ ጠበቅ ቢል አይገርመኝም።

እኛ ዘንድ አገልግሎቱ በነባር ባንኮች ውስጥ በ«መስኮት»፣ ማለትም ለብቻው በተለየ የአገልግሎት ክፍል፣ ተጀምሮ ነው የመጣው፤ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ። ይህ ለኢኮኖሚው ምን ፈየደ ከተባለ፣ በወለድ ምክንያት ባንክ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ መግቢያ አገኘ። የሳዑዲው አል ራጅሂ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ያሳያል፤ በዓለም ትልቁ እስላማዊ ባንክ ነው። ጉልበቱ ትርፍ ሳይጠየቅበት የሚቀመጠው ብዙ ገንዘብ ነው። አስቀማጩ «አማና ብቻ ይሁንልኝ»፣ ማለትም ትርፍ አልፈልግም፣ በአደራ ብቻ ያዙልኝ፣ ካለ ባንኩ ርካሽ ገንዘብ አለው ማለት ነው።

ግን ሙራባሃ ደመወዝ አይከፍልም። ዳቦ ቤት ለሠራተኛና ለመብራት ብር ቢያጥረው፣ ገዝቶ የሚሸጥለት ዕቃ የለም። ለዚህ የሚሆነው ሙሻረካ ነው፤ ባንኩ ገንዘብ አግብቶ ትርፍም ኪሳራም ይካፈላል። ስለ እስላማዊ ባንክ በሚጻፉ መጻሕፍት የሚወደሰው እሱ ነው፣ በተግባር የሚበዛው ግን ሙራባሃ። ባንኮቹን መውቀስ ቀላል ነው። ትርፍ ለመካፈል ግን ትክክለኛው ትርፍ መታወቅ አለበት፤ ለገቢዎች አንድ መዝገብ፣ ለራሱ ሌላ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ለሸሪካው ባንክ የትኛውን ነው የሚያሳየው?